የቡችላው አያት ስንት ዓመቷ ነው?

ቡችላ ሊሸጥልኝ የነበረው ሰውዬ አልዋሸኝም። የከነከነኝም ይኸው ነው። ቢዋሸኝ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ «ሌባ ነው» ብዬ ስልኩን ዘግቼ እረሳው ነበር። እሱ ግን በትህትና ነው ያነጋገረኝ፣ ለጠየቅኩት ሁሉ መልስ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ያለኝን እያንዳንዱን ነገር እያነሣሁ እጥላለሁ።

ልጄ ውሻ ትፈልጋለች። ውሻ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እሷ የምትፈልገው ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ነው። ያ ጆሮው የተንዠረገገ፣ ዓይኑ የሚለማመጥ፣ ሰው ጭን ላይ ካልወጣ የማያርፍ ትንሽ ውሻ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ግቢ ስለሌለው ትልቅ ውሻ አይታሰብም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ከርማለች። ለእሷ ውሻ ማለት ደጅ ታስሮ ሌሊት የሚጮኽ ነው። ዋጋው ከ3,000 ዶላር በላይ መሆኑን ስትሰማ አማተበች።

ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እንስሳት ሱቆች ከ2020 ጀምሮ ውሻና ድመት እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ስለዚህ ሰው ወይ ከመጠለያ ይወስዳል፣ ወይ አርቢ ይፈልጋል። መጠለያዎቹን አየን፤ ለእኛ ቤት የሚሆን ትንሽ ውሻ ሲገኝ ገና ፎቶው ከመውጣቱ ሰው ይወስደዋል። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ፔንሲልቬንያ ያለ አንድ አርቢ አገኘን።

ድረ ገጹ ንጹሕ ነው። ቡችላዎቹ ሪባን ታስሮላቸው ነጭ ፎጣ ላይ ተቀምጠዋል። በእንስሳት ሐኪም የታየ፣ የመጀመሪያ ክትባቱን የወሰደ፣ የኤኬሲ (የአሜሪካ ኬነል ክለብ) ወረቀት ያለው፣ የአንድ ዓመት የጤና ዋስትና ያለው ይላል። ደወልኩ። «እናንተ እዚህ ድረስ አትድከሙ» አለኝ ሰውዬው፣ «መሃል መንገድ ላይ አንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ እንገናኝ።» ቀብዱን ግን ዛሬ ማታ ይፈልጋል፤ ሌላ ቤተሰብ ያንኑ ቡችላ እየጠየቀ ነው። እናቲቱን ማየት እንችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጎብኚ ስናስገባ በሽታ ይገባብናል» አለኝ። ይህም እውነት ነው፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በጫማ ተሸካሚነት ገብቶ ቡችላ ይፈጃል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባለቤቴ «እሱስ ምን ጠየቀህ?» አለችኝ።

አሰብኩ። በቼክ ነው ወይስ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል የምትከፍለው ብሎኛል። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

እናቴ ከሶፋው ሆና «ላም አለኝ በሰማይ» አለች። ቀብዱን አልላክንም።

ሁሉም እውነት፣ ሁሉም ስለ ዛሬ

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መቆፈር የጀመርኩት።

ስለ ካቫሊየር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ልብን ነው። ማይትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ እያረጀ ያፈስሳል፤ ወደ ፊት መሄድ ያለበት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ትንንሽ ውሾች በአብዛኛው ሲያረጁ ያገኛቸዋል። ካቫሊየርን ግን በጉልምስናው ነው የሚይዘው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ ልባቸው ውስጥ ይጀምራል። አሥር ዓመት የደረሱት ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል አለባቸው።

አሁን የሰውዬውን ቃላት በዚህ በኩል እንያቸው። «በሐኪም የታየ» ነው። አዎ፣ ታይቷል። የስምንት ሳምንት ቡችላ ልብ ግን ጤነኛ መሆኑ ስለ አምስተኛ ዓመቱ የሚነግረን ነገር የለም። «የአንድ ዓመት ዋስትና» አለው። አዎ፣ አለው፤ በአምስት ዓመት ለሚመጣ በሽታ። ዋስትናው ምን እንደሚል ደግሞ በደንብ አነበብኩት፦ ውሻው ከታመመ መልሱና ሌላ ቡችላ እንሰጣችኋለን። ዓመቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ያስተኛችውን ውሻ «ታሟልና መልሰን በሌላ እንቀይረው» የሚላት ልጅ ያለው አባት ይምጣና ይህን ዋስትና ይጠቀምበት።

የኤኬሲ ወረቀትም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ኬነል ክለብ የሚመዘግበው ዘርን ነው። አባትም እናትም ካቫሊየር ናቸው ይላል፣ በቃ። ስለ ልባቸው ምንም አይልም። ሰውዬው የፌዴራል ፈቃድ እንዳለውም ነግሮኝ ነበር። የእርሻ ሚኒስቴሩ ፈቃድ የሚጠይቀው ከአራት በላይ የሚወልዱ ሴት ውሾች ይዞ ገዢው ሳያይ የሚሸጥን አርቢ ነው። ደንቡን ገልጬ አየሁት። የጎጆው ወለል የሚሰላው ውሻው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ባለው ርዝመት ላይ 6 ኢንች ተደምሮ፣ ያ በራሱ ተባዝቶ ነው። 6 ኢንች! ከእስክሪብቶ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያሟላ ሰው «ፈቃድ አለኝ» ሲል ዋሸ አይባልም።

ውሸት ስፈልግ ነበር የቆየሁት፤ ውሸት የለም። ሰውዬው የሚነግረኝ ሁሉ ቡችላው ዛሬ፣ ነጭ ፎጣው ላይ፣ ስላለው ሁኔታ ነው። እኔ ማወቅ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ዛሬ ቡችላው ላይ የለም። እናትና አባቱ ላይ፣ ይልቁንም አያቶቹ ላይ ነው ያለው።

ሰባት ቤት

እናቴ ስንከራከር ትሰማለች። አንድ ቀን «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አለች። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ነው የሚባለው» አለች። «እናንተ እናቱን ሳታዩ ልትከፍሉ ነበር።»

እንግሊዝ አገር ይህ የእናቴ ምክር ሕግ ሆኗል ማለት ይቻላል። ከኤፕሪል 6፣ 2020 ጀምሮ ቡችላ የሚሸጥ ነጋዴ ራሱ ያረባው መሆን አለበት፤ ገዢውም ቡችላውን በተወለደበት ቦታ፣ ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል። የእኛዋን ሉሲ አይደለም። ይህችኛዋ ዌልስ ውስጥ ካለ የቡችላ ማምረቻ በ2013 የወጣች ውሻ ናት፤ ስትወልድ ኖራ አከርካሪዋ ጎብጦ ነበር። ዘሯ ካቫሊየር ነው።

የእናቴ ጥያቄ ከዚህም ይርቃል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቁጥሩ ዝምድና እንዳይኖር ነው፤ ግን ቆጣሪዎቹ አብረው ሌላም ይሰማሉ። እከሌ በምን ሞተ፣ የእከሊት ልጆች ለምን አላደጉም። ሙሽሪት ፊት ለፊት ቆማ የማይታየው ነገር ሦስተኛው ቤት ላይ ይገኛል። ለካቫሊየር ከዚህ የተሻለ የሚሠራ ዘዴ የለም።

ምክንያቱም ዘሩ ጠባብ ነው። ይህ ውሻ የንጉሥ ስም ይያዝ እንጂ ዛሬ የምናውቀው ቅርፁ የመቶ ዓመት ዕድሜ ነው ያለው። በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ያኔ ለንደን ይካሄድ በነበረው የክራፍትስ የውሾች ውድድር ላይ፣ እንደ ድሮ ሥዕሎቹ አፍንጫው ረዘም ያለ ስፓኒየል ላመጣ 25 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ከዚያ ተነሥተው አርቢዎች ክለብ መሠረቱ። ከጥቂት ውሾች ተጀመረ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የነበሩትንም አሳነሰ። መዝገቡ ተዘግቶ እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖሩ። ሰባት ቤት ቢቆጠር አንዱ ስም ደጋግሞ ይመጣል።

ስልኩ

ሁለተኛዋን አርቢ ያገኘኋቸው በዘሩ ክለብ በኩል ነው። ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ድረ ገጽ ቢጤ አላቸው፣ ፎቶዎቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ዋጋም አልተጻፈም። ስደውል ቡችላ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ልዘጋ ስል ጥያቄ ጀመሩ።

ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል? ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ደረጃ አለ? ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ኢትዮጵያ አልኳቸው። «አገራችሁ ስትሄዱ ስንት ሳምንት ትቆያላችሁ? ያን ጊዜ ውሻውን ማን ይይዛል?» እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። ገንዘቡን የምከፍል እኔ፣ የምመረመረው እኔ! ቪዛ እንኳ ስጠይቅ እንዲህ አላደረቁኝም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ትክክል ነበር። ክረምት አገር ቤት እንሄዳለን፤ እኔና ባለቤቴ ይህን አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ወደፊት የሚወለዱት ቡችላዎች ወላጆች የልብ ምርመራ እንዳላቸው ጠየቅሁ። እሳቸው ምንም ሳያንገራግሩ የውሾቹን የመዝገብ ስም ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ፔንሲልቬንያ ያለውን ሰው ይህንኑ ጠይቄው «ወረቀቱ ከሽያጭ በኋላ ነው የሚሰጠው» ብሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ኦኤፍኤን ላስተዋውቅ። ሚዙሪ ያለ ድርጅት ነው፤ ከ1966 ጀምሮ የውሾች የጤና ምርመራ ውጤት ይመዘግባል። የውሻውን የመዝገብ ስም ድረ ገጹ ላይ የጻፈ ማንኛውም ሰው ልብ፣ ዓይን፣ ጉልበት ምን እንደተባለ በነፃ ያያል። ጉልበት የምለው በትንንሽ ውሾች የጉልበት ሎሚ ከቦታው ስለሚንሸራተት ነው፤ ቺዋዋ ወይም ፖሜራንያን የሚገዛ ሰው ዋነኛ ጥያቄው እሱ መሆን አለበት።

እሳቸው ስልክ ላይ እያሉ ስሞቹን እጽፋለሁ። አባት፣ የልብ ስፔሻሊስት ያየው፣ ንጹሕ። እናት፣ ንጹሕ። ደንቡን አንብቤ ስለነበር ዕድሜያቸውን ቆጠርኩ። የካቫሊየር አርቢዎች የሚመከሩት ውሻ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው እንዳያረቡ፣ የዚያ ውሻ እናትና አባትም አምስት ዓመት ሞልቷቸው ልባቸው ንጹሕ እንዲሆን ነው። አያቲቱን ፈለግሁ። አምስት ዓመት፣ ንጹሕ። ሁሉም ልክ ነው። ደስ ብሎኝ ላመሰግን ስል ሴትዮዋ አቋረጡኝ።

«ወደ ታች ውረድና እይ» አሉኝ። «አያቲቱ ሌላም ምርመራ አላት።»

ወረድኩ። ስድስት ዓመት ተኩል ላይ የተደረገ ምርመራ አለ። ንጹሕ አይደለም።

«ልቧ ድምፅ ጀምሯል» አሉ። «አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። ልቧ ስለ ሰፋ ፒሞቤንዳን የሚባል የልብ መድኃኒት ላይ ናት፤ ጠዋትና ማታ እሰጣታለሁ። አሁን ኩሽና ውስጥ እግሬ ሥር ተኝታለች። ልጇን ያዳቀልኩት ይህን ከማወቄ በፊት ነው። ካወቅሁ በኋላ የመረጥኩት አባት እናቱ በአሥር ዓመቷ ልቧ ንጹሕ የሆነ ነው። ግን ይህ ዋስትና አይደለም፤ እወቁት።»

ዝም አልኩ። ምን እንደሚባል አላወቅሁም።

ቆይቶ አንድ ነገር አረጋገጥኩ። ኦኤፍኤ መጥፎ ውጤትን ለሕዝብ የሚያወጣው ባለቤቱ ፈቅዶ ፎርሙ ላይ ሲፈርም ብቻ ነው። ካልፈረመ ውጤቱ አይወጣም፤ መዝገቡ ላይ የአምስት ዓመቱ ንጹሕ ምርመራ ብቻውን ይቀመጣል። ደንቡ ደግሞ የሚጠይቀው አምስት ዓመት ነው። ሴትዮዋ ዝም ቢሉ ደንብ አልጣሱም፣ አልዋሹም፣ ማንም አይደርስባቸውም። ልክ እንደዚያኛው ሰውዬ እውነቱን ብቻ ተናግረው ውሻቸውን መሸጥ ይችሉ ነበር።

እሳቸው ግን ያቺን ትንሽ ሳጥን ፈርመዋል። የገዛ ውሻቸውን፣ የገዛ ቤታቸውን ዘር የሚያረክስ ወረቀት በስማቸው አስለጥፈዋል። እኛ ገበያ ላይ ሻጭ ሲያሞግስ ነው የምናውቀው፤ ገዢ ነው ነቀፌታ የሚፈልግ። ሻጩ ራሱ ነቀፌታውን ሲያወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥርጣሬ ነው። እኔም ትንሽ ጠረጠርኩ፤ «ሊያባርሩኝ ነው እንዴ?» አልኩ። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ንጹሕ ወረቀት የሚያሳዩ ብዙ ናቸው። የቆሸሸውን በፈቃዳቸው የሚሰቅሉ ግን የሚያረቡትን ውሻ ከሸጡ በኋላም የሚከታተሉ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ካልተከታተልክ ስድስት ዓመት ተኩል ላይ ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለህ?

የፔንሲልቬንያውን ሰው ውሾች ኋላ ላይ ኦኤፍኤ መዝገብ ውስጥ በማርቢያው ስም ፈልጌ ነበር። ባዶ ነው። ባዶ ማለት ታሟል ማለት አይደለም። ማንም አላየም፣ ወይም አይቶ አላወጣም ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ ያየውን «ማልቲዝ» ቡችላ ፎቶ ላከልኝ፤ አምስት ሳምንቱ ነው ይላል። «አጎቴ፣ እዚህ እንዳንተ አገር መዝገብ የለም፣ ምን ልጠይቅ?» አለኝ። መዝገብ ባይኖርም እናት አለች። ቤቱ ድረስ ሂድና ከእናቱ ጋር አሳየኝ በል፤ ስንት ጊዜ ወለደች፣ የበፊቶቹ ልጆቿ የት ናቸው፣ አንዱን ባለቤት አገናኘኝ በል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የሚለይ ሻጭ ካጋጠመህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግህም አልኩት።

ኖርዌዮች ምን አሉ

ባለቤቴ ግን አልተረታችም። እሷ የምታነሣው ከአርቢው በላይ ነው። ኦስሎ ያለ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2022 ካቫሊየርና እንግሊዝ ቡልዶግ ማርባት የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ክሱን ያቀረበው የእንስሳት መብት ተከራካሪ ማኅበር ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለ ቡልዶጉ ለአርቢዎቹ ፈረደላቸው፣ የካቫሊየሩን ፍርድ ግን አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር 2023 የካቫሊየሩን አጸና። ልቡ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ብዙዎቹ ካቫሊየሮች የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ጠባብ ነው፤ አከርካሪ ውስጥ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ያሠቃያቸዋል። አንዳንዱ ውሻ ሲሄድ አንገቱ አጠገብ ያለውን አየር ያካል። ሰው «እንዴት ያምራል» ብሎ ቪዲዮ ይቀርጸዋል።

«ታዲያ ጥሩ አርቢ የሚባለው ምኑ ነው ጥሩ?» ትላለች ባለቤቴ። ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ዳኞቹ የተሳሳቱ እንደማይመስላቸው ነገሩኝ፤ ከሌላ ዘር ጋር ማዳቀል መጀመሩ እንደማይቀር፣ እሳቸው ግን ዕድሜያቸው እንደማይፈቅድ፣ ያሉትን ይዘው እስኪጨርሱ በየዓመቱ እንደሚያስመረምሩ። መልሱ እኔን አጠገበኝ፤ ባለቤቴን አላጠገባትም። እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን፤ አንዳንድ ማታ እሷ ትክክል ትመስለኛለች። ስለ አንድ አርቢ ጥሩነት መፍረድ ስለ ዘሩ ከመፍረድ ይቀላል።

መውጫውን ያመጡት ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው። ከእንግዲህ የማትወልድ፣ ጡረታ የወጣች ሴት ውሻ አለችኝ አሉ። አምስት ዓመት አልፏታል፤ ልቧ ሰሞኑን ታይቶ ንጹሕ ነው፤ የጭንቅላቷም የኤምአርአይ ምርመራ አላት። ዋጋዋም ከቡችላ ብዙ ያነሰ ነው። እኔ ስሌቱ ገባኝ። ቡችላ ስገዛ የምገምተውን እሷ ላይ አየዋለሁ። ባለቤቴም አዲስ ውሻ እንዲወለድ ስላላደረግን ዝም አለች። ልጄ ግን «ቡችላ ነው ያልኩት!» ብላ አኮረፈች።

ውሉን ላኩልን። ውሻዋን መያዝ ካቃተን፣ በየትኛውም ዕድሜዋ፣ ለማንም ሳንሰጥ ለእሳቸው እንድንመልስ ይላል። በየዓመቱ ልቧን አስመርምረን ውጤቱን እንድንልክ፣ መጥፎ ቢሆንም ለሕዝብ እንዲወጣ እንድንፈርም ይላል።

ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን፤ እናቴም «እኔም ልያት» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። ልጄ ገና ከበሩ ኩርፊያዋን ረስታ ወለሉ ላይ ተዘረጋች፤ ውሻይቱ ሆዷ ላይ ወጣች። እናቴ ወንበር ላይ ሆና አሻግራ ስታያት ቆየችና «ስንት ጊዜ ወለደች በላቸው» አለችኝ።

አስተረጎምኩ። ሁለት ጊዜ ነው አሉ ሴትዮዋ።

«ይበቃታል» አለች እናቴ። «እንግዲህ ትረፍ። የት ነው የምትፈርመው?»